የመስኮት ዳር አልጋ

«ስተኛበት እኮ ፍራሹ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር» አለች እናቷ። ሚጣ በእርጥብ ፎጣ ጀርባዋን እያሸችላት ስለነበር ልብ ብላ አላዳመጠቻትም። አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራትን፣ በከተማው የጤና ቁጥጥር ቢሮ የአቤቱታ መርማሪ የሆነችውን ሴት እናቷና ወንድሟ እስካሁን ሚጣ እያሉ ነው የሚጠሯት። እናቷ ሆስፒታል ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። የገባች ሰሞን ሳንባዋ ክፉኛ ታሞ አንዲት ቃል ለማውጣት ደጋግማ መተንፈስ ያስፈልጋት ነበርና ዝም ብላ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ከረመች። አሁን ትንፋሿ መለስ ሲልላት ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካላወራሁ ብላለች። ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ ትዳር፣ ፊት ለፊት ስለተኛችው ሴትዮ ማንኮራፋት፣ ስለ ሐኪሙ ቀጭን አንገት አውርታ አውርታ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከእሷ በፊት በዚሁ አልጋ ላይ ስለነበረችው ሴት ጀመረች።

ያን ቀን ወንድምሽ ደግፎ ሲያስገባኝ፣ አለች እናቷ፣ እዚህች ላይ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ተኝታ ነበር። ሁለት ሆነው ከነአንሶላዋ ብድግ አድርገው ወሰዷት። በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ «እግዜር ይማርሽ» አለችኝ። መመለስ አቃተኝ፤ ትንፋሽ ከየት አባቴ ላምጣ? ድና ወደ ቤቷ የምትሄድ መስሎኝ ቀናሁባት። ይህን ተናግራ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነባትና ሚጣ ትከሻዋን ይዛ አስደገፈቻት። ሳሉ ሲለቃት እናቷ እግሯን ከአልጋው አውርዳ በጣቶቿ ወለሉን ዳሰሰችና ከአልጋው ስር ጫማ አወጣች። ጫማው ከተራረፈ ቆዳ በእጅ የተሰፋ ነው፤ አንደኛው ጎኑ ቡናማ፣ ተረከዙ ጥቁር፣ ውስጡ ብርድ ልብስ ቢጤ የተለበደ፣ ዙሪያውን በወፍራም ነጭ ክር የተዘመዘመ። ሴትየዋ ረስታው ነው የሄደችው፣ አለች። ልክክ ነው ያለኝ፤ ከአልጋ ስወርድ አደርገዋለሁ፤ ስትመጣ እመልስላታለሁ።

ክፍሉ ረጅም ነው። በሁለቱም ወገን አልጋ ተደርድሯል፤ በየአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ የኦክስጅን መውጫ አለ፤ የሚሠሩት ግን በመስኮቱ በኩል ያሉት ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ቀዳዳ በፕላስተር ተለጥፎ ፕላስተሩም ቢጫ ሆኗል። በመስኮቱ ዳር የተኙትን ሴቶች ሌሎቹ «ለግድግዳ የተዳሩት» ይሏቸዋል። እናቷም ቀልዱ ተመችቷታል፤ «ባሌ ዝምተኛ ነው፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ እፍ ይልልኛል» ትላለች። ሐኪሙ ገና ሳምንት ያህል ከግድግዳው እንዳትለይ አዟል። ሚጣ ፎጣውን ጨምቃ ሰቀለች፤ የሾርባውን ፔርሙዝ ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ አንዲት ወጣት ሴት አልጋ ላይ ተቀምጣ እያሳለች ነበር። አጠገቧ ቀለሙ የተላላጠ ሲሊንደር ቆሟል፤ እህቷ መሳይ ልጅ ደግሞ በጋዜጣ ታራግብላታለች። ሚጣ በየጠዋቱ እንደምታደርገው ጎኗን አጥብባ አለፈቻቸው።

ቢሮ ስትደርስ አለቃዋ ብርቱካን እየላጠ ጠበቃት። ሥራ ሲያካፍል መላጥ ይወዳል፤ የሰው ዓይን ላለማየት ይመቸዋል። የዛሬውን ጉዳይ በአፉ ነገራት። አንድ ጫማ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ሳንባዋን ታማ ተኝታ ነበር፤ ከመስኮት ዳር አልጋዋ አንስተው ኮሪደር አወጧት፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ሞተች። ሰውየው መጀመሪያ ያመለከተው ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ነው። ቅሬታ ሰሚው ደግሞ እንደ ደንቡ ጉዳዩን ለክፍሉ መራው፤ የክፍሉ ዋና ነርስ ስለ ራሷ ሥራ ራሷ መልስ ሰጠች፤ ዳይሬክተሩም ፈርሞበት «ዝውውሩ የተደረገው በሕክምና ምክንያት ነው» የሚል ወጣ። ሰውየው አልዋጥልህ ሲለው ወደ እነሱ ቢሮ መጣ። አለቃዋ አንዱን የብርቱካን ቁራሽ ጎርሶ ፈገግ አለ። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፣ አላት፤ «የባለቤቴ ጫማም አልተመለሰልኝም» ብሏል። ሚስቱ ሞታ ጫማ የሚጠይቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሚጣ ወንበሩን ይዛ ቆመች። የትኛው ሆስፒታል ነው ብላ ጠየቀች። አለቃዋ ነገራትና፣ ያንቺዋም እናት እዚያው አይደሉ፣ አላት። በየቀኑ መሄድሽ ካልቀረ አንቺው ያዢው፤ የቢሮውን መኪና ነዳጅ ታድኚልናለሽ። ይህን ሲል እንዳገዛት ሰው ደስ ብሎት ነበር። ሚጣ ሌላ ሰው ይያዘው ልትል አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ? በጫማ? ጫማ በሞላበት ከተማ? ምናልባት ሌላ አልጋ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሴት ትሆናለች እያለች ለራሷ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት የወጣችበትን በር ተመልሳ ገባች፤ በዚህኛው ጊዜ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ።

የዋና ነርሷ ቢሮ ድሮ የአንሶላ መጋዘን የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። የተሰበረው መስኮት ላይ ያገለገለ የራጅ ፊልም ተለጥፏል፤ ብርሃኑ የማያውቁትን ሰው ጎድን አልፎ ነው የሚገባው። ሲስተር፣ ሁሉም የሚጠራት እንዲያ ነው፣ እንቅልፍ የራቃት የደከመች ሴት ናት፤ ጠዋት ጠዋት ሚጣን ስታገኛት «እማማ እንዴት አደሩልሽ፣ እህቴ?» ትላት ነበር። አሁን መታወቂያውን አየችና «እህቴ» ማለቱን ተወች። ሚጣ ደንቡ እንደሚለው ሁሉንም በቅደም ተከተል ጠየቀቻት፤ ሲስተርም ዳይሬክተሩ የፈረመበትን መልስ ቃል በቃል ደገመችላት፤ በሕክምና ምክንያት፣ በሽተኛዋ ለውጥ ስላሳየች፣ ይበልጥ የታመመ ስለመጣ። ሚጣ የመጣው ይበልጥ የታመመ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሲስተር ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እውነት ጠፍቶሽ ነው፣ ወይስ በእኔ አፍ እንዲነገር ፈልገሽ ነው?»

ሲስተር የበረኪና ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ዳር ወደ መሀል አስጠግታ ተረጋግታ ነገረቻት። ወንድምሽ አልጮኸም፣ አለች፤ ጨዋ ሰው ነው። እናታችሁን በክንዱ ደግፎ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ «የቁጥጥር ቢሮዋ መርማሪ እናት ናቸው» ብቻ ነው ያለኝ። ማንም አላዘዘኝም። የጫማ ሰፊው ሚስት ከነበረችበት ትንሽ ተሽሏት ስለነበር ሲሊንደር ይበቃታል ብዬ አወጣኋት። እናታችሁም በእውነት ታመው ነበር፤ እሱን አልዋሸሁም። ግን የዚያን ቀን ከእሳቸው እኩል የታመሙ ሌሎችም ነበሩ። ንጋት ላይ ሲሊንደሩ ባዶ ሆነ፤ ትርፉ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ የሚመጣው ጠዋት ሥራ ሲገባ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ከዓመታት በፊት፣ ብላ ቀጠለች፣ ለአንድ ትልቅ ሰው አክስት አልጋ አልለቅም ብዬ የክትባት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ቆጣሪ ተደርጌአለሁ። ያኔ ለእናንተ ቢሮ አቤት ብዬ ነበር። መልሱን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።

ሲስተር በቁጣ ሳይሆን፣ ለበሽተኛ መድኃኒት እንደምታስረዳ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«የምትጽፊውን ጻፊ፤ አልቀየምሽም። አልጋ በተራ ይሁን ብለሽ ከጻፍሽ ዛሬውኑ በተራ አደርገዋለሁ። ተረኛዋ ኮሪደር ላይ ያለችው ልጅ ናት። የምለቅላት ደግሞ የእማማን አልጋ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ሚጣ ደረጃው ላይ ወርዳ፣ ሰው በማያልፍበት ጥግ ቆማ ለወንድሟ ደወለች። ወንድሟ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ ስልኩ ውስጥ የብረት ኳኳታ ይሰማል። የሆነውን ነገረችው። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ኳኳታው ራቀ፤ ወደ ጓዳ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ምን አልኩ፣ አላት፤ አልጋ ልቀቁ አልኩ? ሰው አውጡ አልኩ? የማን እናት እንደሆነች ነው የነገርኳቸው፤ ውሸት ነው እንዴ? ሚጣ ውሸት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ሴትየዋ እንደሞተች ደግማ ነገረችው። ዝም ተባባሉ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዝምታ ድሮም ሥራ ይሠራል፤ አባታቸው ሲሞትም፣ ቤቱ ሲሸጥም፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይነገር ያለፈው በዝምታ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ባትነግራቸው ኖሮስ?»

«እማዬ ነበረቻ ኮሪደሩ ላይ የምትሞተው» አላት። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «አንቺ እንደሆንሽ ያን ቀን መስክ ነበርሽ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ቢሮ ተመልሳ ለአለቃዋ ሁሉንም ነገረችው። ጉዳዩን መያዝ እንደማትችል፣ ለሌላ መርማሪ እንዲሰጥላት ለመነችው። አለቃዋ በሩን ዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ላይ የሚላጥ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ጥፍሩን ማየት ጀመረ። ለማን ልስጠው፣ አላት። ከጎንሽ ያለው ልጅ ሚስቱ የወለደችው እዚያ ነው፤ ያቺኛዋ አባቷ በየሳምንቱ ኩላሊቱን የሚታጠበው እዚያ ነው፤ የእኔን ልብ የሚያየው ሐኪምም እዚያው ነው። ዘመድ ያልታመመበት መርማሪ ካለሽ አምጪልኝና ልሹመው። ከዚያ ሳቀ፤ ብቻውን እንደሳቀ ሲያውቅ ሳቁን ዋጠውና መከራት። ሰፋ አድርገሽ ጻፊው፤ የሲሊንደር አቅርቦት ይሻሻል፣ የመጋዘን ቁልፍ ለማታ ተረኛ ይሰጥ በይ። እውነትም ነው፤ ቁልፉ ሰው ያድናል። የአልጋውን ነገር ግን አትንኪው። ማንንም አይጎዳም፣ አላት።

የቢሮው ልማድ አቤት ባዩን ውሳኔው ካለቀ በኋላ ጠርቶ መልሱን ማሰማት ነው። ሚጣ ግን ድሮም ሰዎቹ የሥራ ቀን እንዳይቃጠልባቸው ብላ ያሉበት ድረስ ሄዳ ታነጋግራቸዋለች፤ በዚህም ባልደረቦቿ ይስቁባታል። ከሰዓት በኋላ ጫማ ሰፊውን ፍለጋ ወጣች። ከአንድ ፎቅ መወጣጫ ስር፣ ዝናብ የማይገባበት፣ ፀሐይም የማይገባበት ጎድጓዳ ቦታ ነው ያለው። ከኋላው ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ጫማዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሽማግሌ ነው፤ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ነው ሰው የሚያየው። ከየት እንደመጣች ስትነግረው የደንበኛ መቀመጫዋን በመዳፉ ጠርጎ አስቀመጣትና ዓይኑ እግሯ ላይ አረፈ። ተረከዝሽ አጋድሏል፣ አላት፤ አውልቂው፤ እጄ ሥራ ሳይዝ አፌ አይፈታልኝም። አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ፣ ካልሲዋን ካርቶን ላይ አሳርፋ ተቀመጠች።

እያዳመጠችው ማስቲሽ ቀባ፣ ሶል ቆረጠ፤ የሶል ዋጋ እንዴት ሰማይ እንደነካ፣ ሰው አሁን ጫማ ከማሳደስ ቀዳዳውን በወረቀት መድፈን እንደመረጠ አጫወታት። ስለ ሚስቱ ሲያወራ ግን እንደ ሙግት አላወራም። እሷ ከእኔ ይልቅ ቀልደኛ ነበረች፣ አለ፤ ኮሪደር ያወጧት ማታ ልጠይቃት ስሄድ «ዳር አወጡኝ፤ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ነው» አለችኝ። እግሯ አብጦ ምንም አልገባ ሲላት በልክ ሰፋሁላት፤ ከዚህም ከዚያም ቆዳ ቆራርጬ፣ ውስጡን የልጃችንን የሕፃንነት ብርድ ልብስ ለብጄ። ከሞተች በኋላ ብጠይቅ የለም አሉኝ። ለጫማው ብዬ አይደለም። ግን የማንም እግር ውስጥ ሆኖ ሲሄድ ይታየኛል፤ ያ እንቅልፍ ነሳኝ። ሚጣ ጫማው ይፈለጋል ልትል ፈለገች፤ የተገኘን ነገር ይፈለጋል ለማለት ግን አፏ አልታዘዝ አላት። ሽማግሌው ተረከዙን በመዶሻ ሲመታ ቆይቶ ድንገት አቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። በእሷ ቦታ የተኛችው ሴትዮ ተርፋለች?»

ጥያቄው እንዲህ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። ማን ናት ቢላት የሚመልሰውን ደንብ ታውቃለች፤ ምርመራው አላለቀም ትለው ነበር። ለዚህኛው ግን ደንብ የለም።

«ተርፋለች» አለችው።

ሽማግሌው ጫማውን ገልብጦ ሲያየው ቆየ፤ አውራ ጣቱን በአዲሱ ተረከዝ ጠርዝ ላይ ሄድ መለስ አደረገ።

«ትኑር» አለ። «የእሷን ሞት አልመኝም። ግን ማን ተነስቶላት እንደተኛች ትወቀው። ሌላውን ሁሉ ባትጽፊው ግድ የለኝም፤ ይህን ብቻ ንገሪልኝ።»

እነግራታለሁ አለችው። ጫማዋን አቀበላት፤ አደረገችው፤ ስትነሳ ለዓመታት ወደ ጎን ሲያዘነብላት የነበረው እግሯ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለሥራዎ ስንት ልክፈል ብትለው እጁን አወዛወዘና ሌላ ጫማ አነሳ።

ሆስፒታሉ ስትደርስ የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልቅ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያለችው ወጣት ሴት ትራሷን አቅፋ ወደፊት ተደፍታለች፤ እህቷ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ሰዓት መሰል ነገር በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች፤ ሚጣ ስታልፍ ቀና ብላ መታወቂያውን አየች፤ ምናልባት ባለሥልጣን ናት ብላ ይሆናል፣ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሳች። ሚጣ ቶሎ አለፈች። ከውስጥ እናቷ ቆማ እየሄደች ነው፤ ቱቦው እስከፈቀደላት ድረስ ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው፤ ፊት ለፊት ያሉት ሴቶች «እሰይ! እሰይ!» ይሏታል። እግሯ ላይ ቡናማና ጥቁሩ ጫማ አለ። «ሚጣዬ፣ አየሽኝ? ሳልደገፍ እኮ ነው!» አለች፣ እንደ ልጅ አፍራም ኮርታም።

ሚጣ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ተንበርክካ ጫማውን ከእግሯ አወለቀችና ጭኗ ላይ ያዘችው፤ ውስጡ የተለበደው ብርድ ልብስ ከእናቷ እግር ሙቀት ወስዷል። እናቷ ምን ሆንሽ አለቻት፤ ሴትየዋ ለጫማዋ መጣች እንዴ? ሚጣ ባሏ ነው የላከኝ አለች። ከዚያ በዝግታ፣ ሌሎቹ አልጋዎች እንዳይሰሙ፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ወንድሟ ያለውን፣ ሴትየዋ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ኮሪደሩ እንደሄደች፣ ሲሊንደሩን፣ ቁልፉን። ሲስተር መጨረሻ ላይ ስለ ተራው ያለቻትን ብቻ አልነገረቻትም። እናቷ አላለቀሰችም። እጇ አፍንጫዋ ላይ ወዳለው ቱቦ ሄደ፤ እንደማታውቀው ነገር ዳሰሰችው፤ ልታወልቀው ይመስል ያዘችውና፣ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው። ባዶ እግሯን ሰብስባ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባች።

«እግዜር ይማርሽ ብላኝ ነበር» አለች። «አልመለስኩላትም።»

ሚጣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቷ አለበሰቻት። ከመስኮቱ ውጭ የግቢው መብራት በራ። አንዲት ነርስ የጠያቂው ሰዓት አብቅቷል እያለች በመሀል አለፈች። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሚጣን ሳታይ ጠየቀቻት።

«አሁንስ ኮሪደሩ ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ እማዬ» አለች ሚጣ።

ከበሩ ውጭ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል፣ ረጅም ሳል ተሰማ። ልክ የቆመ ሲመስል እንደገና ጀመረ። እናቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሚጣም ጫማውን በፌስታል መጠቅለል ጀመረች። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ።